ዱባ በሜትር

ይድረስ ለልጄ፤ እንዴት ከርመሻል? እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካስቸገረኝ በቀር ደህና ነኝ።

ሰሞኑን እናትሽ ግራ አጋብታኛለች። አርባ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤት ድርሽ እንዳልል ስትከለክለኝ ኖራ፣ አሁን እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዱባ በስኳርና በቀረፋ ታሠራኛለች። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ዱባውን በሜትር ለክቼ ቆረጥኩት። ስቃ ስቃ ደከማት።

«የቀረፋውን ልክ ጻፈው» አለችኝ።

«አንቺ እያለሽ ምን ያስጽፈኛል?»

«ዝም ብለህ አማስል!»

የቅመም ጣሳዎቹም ላይ ያለ መነጽር እንዳነበው በትልልቁ ጽፋለች። ትናንት ቀምሳ «በቃ፣ ተምረሃል» አለችና ገብታ ተኛች። ምኑም አልገባኝም፤ ዱባው ጣፍጦ ሳለ ድርሻዬን ከድኜ አስቀመጥኩት።

እሷ «ለመምጣት እንዳትቸኩል ንገራት» ትላለች። እኔ ግን፣ ልጄ፣ ዱባው ሳያልቅ ነይልኝ።

ናፋቂሽ አባትሽ