በዶሴ ውስጥ ያለ ዶሴ

ጥር 9
ጠዋት አቧራ ጠረግሁ። እርሳሶቹን ቀረጽሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ… ከእህቴ ምንም የለም። አራት ወር ሊሞላ ነው።
እንዳልደውል ጆሮዋ ከድቷታል። የቀረን ደብዳቤ ብቻ ነው። ኢሜይል ይበሉት እንጂ ለእኔ ደብዳቤ ነው። ታዲያ እኔ ነኝ ቀድሜ የምጽፈው? ታላቅ እሷ ናት። የእናታችንን የስፌት መኪና ሳትጠይቀኝ ለሰው የሰጠችም እሷ ናት፤ ከቤቷ ሲወጣ ያየ ሰው ነግሮኛል። መስከረም 12 የሚገባትን ጻፍሁላት። ከዚያ ወዲህ ዝም።

ጥር 11
ምንም።

ጥር 14
ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ አንድ ወረቀት አልጠፋብኝም። የእህቴ የስድስት ዓመት ደብዳቤ ግን ጠፋ። የድሮው ኮምፒውተር ነሐሴ ላይ ሲሞት ይዞት ሄደ። አዲሱን የሸጠልኝ ሰውዬ «የሞተ አይነሣም እናቴ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ፎልደር ይሉታል፤ እኔ ዶሴ እለዋለሁ። ኢንቦክስ የሚሉትንም ደጃፍ። «ቤተሰብ» የሚል ዶሴ ነበረኝ፤ በውስጡ «እህቴ»፤ በእሱ ውስጥ የየዓመቱና «ያልተመለሱ» የሚል። ከእሷ የሚመጣው ሁሉ ደጃፍ ላይ ሳይንጠባጠብ በቀጥታ «ያልተመለሱ» ውስጥ እንዲገባ ትእዛዝ ሰጥቼ ነበር። መልሱን ስጽፍ ወደ ዓመቱ አዛውረዋለሁ። ላይኛው ዶሴ ውስጥ ወረቀት አይተኛም፤ የተማርነው እንዲያ ነው። አሁን የቀረኝ «ቤተሰብ» ብቻ ነው። ስከፍተው ባዶ።
ዛሬ ስለ ድመቷ የጻፈችውን ማንበብ አማረኝ። ቃሉን እንኳ በትክክል አላስታውሰውም…

ጥር 17
ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ አስጠራሁ። ማስቲካ እያኘከች ገባች። ጥቂት ነካካችና፣
«እማማ፣ የጠፋ ነገር የለም እኮ» አለች።
«ባዶ ነው። አይቼዋለሁ።»
«ባዶው ላይኛው ነው። ደብዳቤው ያለው የኢሜይሉ ኩባንያ ጋ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አይደለም። ይሄ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ካላዘዙት የውስጦቹን አያሳይም፣ አያወርድም። አንድ በአንድ ምልክት ይደረግባቸዋል።» ምልክት ታደርግ ጀመር። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?»
«ለአንድ ሰው ነው።»
«እኔ የባሌን እንኳ አንድ ቦታ ነው የምከምረው።»
«ይጽፍልሻል?»
«ኧረ የት አባቱ። ‹ዳቦ ግዢ› ካልሆነ።»
«ቤተሰብ» ጎን ትንሽ ቀስት ወጣች። ተጫነቻት። «እህቴ» ወረደ። ከሥሩ ዓመቶቹ ተከታትለው… ሁሉም በቦታቸው። መጨረሻ ላይ «ያልተመለሱ»። በጎኑ 14።
«አሥራ አራት ያልተነበበ አለዎት።»
ያልተነበበ? እኔ ዘንድ?
ከዚያ ገባኝ። ትእዛዜም ያለው ኩባንያው ጋ ነው፤ ሥራውን አላቋረጠም ነበር። እሷ ስትጽፍ፣ እሱ ሲያስገባ፣ እኔ ደጃፉን ሳይ… ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጠጋኟ እስክትሄድ አልከፈትሁትም።

ጥር 18
በቀናቸው ቅደም ተከተል አነበብኋቸው። የመጀመሪያው መስከረም 14። እኔ በጻፍሁ በሁለተኛው ቀን።
«አንቺ መዝገብ ቤት፣ መኪናውን ለማንም አልሰጠሁም። መዘውሩ ተሰብሮ ጠጋኝ ጋ ነው። ሲጠገን ላንቺ ልልከው ነበር። ቁጣሽ ግን ደስ ይላል፤ አንድ ነጥብ እንኳ አልጎደለውም።»
ጥቅምት፦ «አሁንም አኩርፈሻል? ድመቷ ወለደች። ሦስት።»
ኅዳር፦ «ዓይኔ ደከመ። ፊደሉን አተልቄ ነው የምጽፈው። የሆድሽን ሆድሽ ይፍጀው፤ ደህና ነኝ በይኝ ብቻ።»
አንዱ ላይ ያለችው ቃል ይቺው ናት፦ «አለሽ?»
የመጨረሻው ጥር 6። «እንግዲህ አላስቸግርሽም። ደህና ሁኚ።»
አለሁ። አለሁ እኮ…
መልስ ጀምሬ አራት ጊዜ አጠፋሁ። የተረፈው ሦስት መስመር ነው። ላክሁት። ትእዛዙንም ሰረዝሁ፤ ከእንግዲህ የእሷ ደብዳቤ ደጃፌ ላይ ይደርልኝ።

ጥር 21
ደጃፉ ባዶ። ውስጡንም አየሁ፣ ሁሉንም አየሁ። ማንበብ አቅቷት ይሆን? ወይስ አንብባ…

ጥር 22
የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥሁ። መንገዱ ሰባት ሰዓት ነው አሉ። ለአራት ወር ዝምታ ሰባት ሰዓት ምን አላት።

ጥር 24
ከእህቴ ቤት።
አንኳኳሁ፤ አትሰማም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታ፣ አጉሊ መነጽር ይዛ፣ አፍንጫዋን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፋለች። የምታነበው የእኔን ሦስት መስመር ነው። ከሥሩ የጀመረችው መልስ፦ «አንቺ መዝ»። ቀሪውን ፊደል እየፈለገች ነበር። ስንት ቀን ፈለገችው?
ትከሻዋን ነካሁ። ዞረች።
«ከሳሽ እኮ» አለች፣ እንደ ደንቆሮ ጮክ ብላ።
የስፌት መኪናው ጥግ ላይ ቆሟል። መዘውሩ አዲስ ነው።
ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። አንድ ወረቀት አምጥቼ ፊደሉን አተልቄ ጻፍሁ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥርዓት አበዛሁ።»
አጉሊ መነጽሯን አስጠግታ አነበበችና እርሳሱን ተቀበለችኝ፦ «ይህን ስነግርሽ ሃምሳ ዓመቴ።»
እንዲህ ስንቀባበል ወረቀቱ ግራ ቀኙ ሞላ። በልማዴ ቀን ጽፌበት የማኖርበት ቦታ ፈለግሁ… ተውሁት። ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መካከል ነው። እሷ ሌላ ወረቀት ልታመጣ ተነሥታለች።