ሟች ልጄ እንድትፈርም ለሚጠብቁት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድረ ገጽ ማስቀመጫ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቀዝቃዛ ክፍል የሚኖሩት ማሽኖችዎም ጭምር ጤናችሁ እንዴት ከረመ? እኔ ከልጄ ቀብር ወዲህ ደህና ነኝ።

አዋላጅ የነበረችው ልጄ ለእርጉዝ ሴቶች ምክር በድምጿ እየቀዳች የምታስቀምጥበት ድረ ገጽ እናንተ ዘንድ ይገኛል። ካረፈች ሦስት ወር ሆናት። ስጽፍ ቀስ ስለምል ይታገሡኝ።

1ኛ. ልጄ ከሌሎች ጋር ሰርቨር በምትሉት አንድ ማሽን በደባልነት እንደምትኖር፣ ከሞተች ወዲህም አድማጭ በዝቶላት ደባሎቿን እንዳስቸገረች በደብዳቤ ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። በሕይወት ሳለች ጎረቤት ከሷት አያውቅም።

2ኛ. ለብቻዋ ወደሆነ ሰርቨር ካልተዛወረች በመጪው ሰኞ ገጿን እንደምትዘጉ፣ እስከዚያም ጫና ለመቀነስ ድምጾቿን አንድ በአንድ እንደምታቆሙ ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መጀመሪያ ስለ ማቅለሽለሽ የምትናገርበት ዝም አለ። ቀጥሎ ስለ እንቅልፍ። ባለፈው ሰኞ «ደም ካየሽ አትጠብቂ» የምትልበት ዝም አለ።

3ኛ. ላዛውራት ወይስ ይቅር እያልኩ ሁለት ሳምንት አሰብኩ። ወንድሜ «እህቴ፣ በድምጿ ራስሽን አትግደይ፣ ተይው» አለኝ። ልተወው ነበር፤ ለብቻዋ የሚሆን ቦታ አንድ ጊዜ በመቃብር ስፍራ ፈርሜላታለሁና ለሁለተኛው እጄ እምቢ አለኝ። ሆኖም ገጹ ላይ ያለው ስልክ የቤታችን ነው። ማክሰኞ አንዲት ሴት ደውላ «ሲስተር ነሽ? ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ድምፅሽ ደግሞ አልከፍት አለኝ» አለችኝ። ሐኪም ቤት ሩጪ ብዬ ጮኽኩ። መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ መልሳ አልደወለችም። ረቡዕ ጠዋት የማዛወሪያውን ቅጽ ፈረምኩ።

4ኛ. ሠራተኛዎ ግን ትሕትናዋ ይገርማል፤ «እማማ፣ የምናዛውረው ደንበኛዋ ራሷ ስታረጋግጥ ነው» አለችኝ። ሞታለች አልኳት። «እሺ እማማ፣ ሲመቻት ትደውልልን» አለችኝ። የሞቷን ምስክር ወረቀት ሦስት ጊዜ ላክሁ፤ ሦስቴም «የደንበኛዋ ፊርማ የለበትም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ጥንቃቄያችሁ እንዲህ ከሆነ፣ በእናንተ ዘንድ ያለፈቃዱ የሚሞት ሰው የለም ማለት ነው።

ለደንብዎ ጽናትና ለማሽኖችዎ ጸጥታ ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ሰኞ እስኪደርስ ሰላም እንዲከርሙ እመኛለሁ።

የአዋላጇ እናት

ሳልረሳው፦ እኔ ሐኪም ቤት ሩጪ ከማለት ሌላ የማውቀው የለኝም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለሚደውሉልኝ ሴቶች ሁሉ ይህንኑ ካልኩ በኋላ የቢሮዎን ቀጥታ ስልክ እሰጣለሁ። ሲጠራ ያንሱት፤ ደንቡንም እርስዎ ራስዎ ያስረዷቸው።