ጨብሲ መጠጥ አይደለም ያለው ማነው?

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ታደሰ፣

ሰላምታዬ በመጀመሪያ ለአንተ፣ ቀጥሎም ከአንተ ቀድሞ በር ለሚገባው ሆድህ ይድረስ። ጫት ነጋዴው በክሪ ጫቱን በመኪናው ጭኖ ከገለምሶ ሲመለስ ወሬህን ሁሉ ዘረገፈልኝ። ዓይንህ ቢጫ ሆኗል፤ እግርህ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎሃል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲልህ ግን «እኔ መቼ ጠጪ ሆንኩ? ጨብሲ እንደሁ መጠጥ አይደለም» ብለህ መለስከው። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ይህችን ቃል ከአንተ በፊት ሐረር ላይ የተናገርኳት እኔ ነኛ!

ያን ጊዜ ከተማው ሆዴን እያየ «ኃይሌ ደላው» ይል ነበር። አንተም «ልብስ ሰፊ ለራሱ ሱሪ ማስፋት አቃተው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይማ ጓድ ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ቀስረው «ሕዝቡ ለስኳር ሲሰለፍ ይህ ሆድ ከየት መጣ?» ሲሉ ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ከሰፊው ሕዝብ ላለመነጠል አብሬ አጨበጨብኩ።

ሐረር ሆስፒታል ስሄድ ዶክተሩ ሆዴን መታ መታ አድርገው «ውሃ ነው» አሉ።

«ትጠጣለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! ከቤርጫ ስነሳ ምርቃናዬን ለመስበር ጨብሲ እላለሁ እንጂ።»

«በምን?»

«በአረቄ።»

«ጫቱንስ መቼ መቼ ትቅማለህ?»

«በየቀኑ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጉበትህ ጨብሲንና መጠጥን መለየት አልተማረም» አሉኝ።

ውሃውን በመርፌ ቀዱልኝ፤ ጨው ከለከሉኝ። ሊመጣ የሚችለውንም አልደበቁኝም፦ ደም ማስታወክ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ሰገራ፣ የሚስትን ስም እስከ መርሳት የሚያደርስ መደናገር። አጠገቤ የተኛው የበደሳ ቡና ነጋዴ ደም አስታውኮ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በእሱ አልቀልድም።

«ታዲያ አለቀልኝ?» ብላቸው፣ «ጠባሳው አይለቅህም። መጠጡን ፈጽመህ ከተውክ ግን የቀረው ጉበት ብዙ ዓመት ሊሸከምህ ይችላል፤ ጉበት ታጋሽ ነው» አሉ። እንደ ጭቁኑ መደብ ማለት ነው፤ ስትረግጠው ኖረህ እግርህን ብታነሳለት ሥራውን ይቀጥላል። ልዩነቱ፣ ስብሰባ አይጠራም።

ይኸው ከተውኩ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ዓይኔ ነጣ፤ ሱሪዎቼን ሁሉ አጠበብኩ። ሙሉዓለም «ቀበቶ የሚይዘው ባል አገኘሁ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ቤርጫን ሳልተው ጨብሲን ብቻዋን መተው ስላልቻልኩ ሁለቱንም ተውኩ። በክሪ «ደንበኛ አሳጣኸኝ» እያለ ያማርራል፤ አንተን ለማዳን ግን የሚሮጠው እሱ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ የበክሪ መኪና ከገለምሶ ሲነሳ ጋቢናው ያንተ ነው። እኔ እዚህ እሳፈርና ሐረር አብረን እንገባለን። ያንተ ጉበት ምን ያህል እንደቀረው አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ዶክተሩ ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር። ካፈርክ እኔ እናገርልሃለሁ፤ አፌን ታውቀዋለህ።

ሐሙስ መኪናው ያላንተ ከመጣ አርብ ትምህርት ቤትህ እገኛለሁ፤ ከተማሪዎችህ ፊት እጅህን ይዤ ነው የማወጣህ። ዓመት ዞሮም ሱሪህን የማጠብብልህ እኔው ነኝ።

በሐሙስ የማይደራደረው፣
ኃይለገብርኤል