ሎሚ ያልገባበት ሻይ

ውዴ ይታየው፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ልጃችን ቤዛ ደኅና ናት፤ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ከበራችን ላይ ሆነህ ታየው የነበረውን ጣና አዲስ ሕንፃ ጋርዶታል። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፤ ተናድጄብሃለሁ።

ሰሞኑን ጥምቀት ነበር። የኛን ጥምቀት ታስታውሳለህ? ጓደኞችህ የወደዷትን ልጅ በሎሚ ሲመቱ፣ አንተ የኬሚስትሪው መምህር ድፍረት አጣህና ሎሚውን ጨምቀህ በጭማቂው ጻፍህልኝ። ባዶ ወረቀት አስጨብጠኸኝ፣ በካውያ ተኩሺው ብለህ ሮጥህ። ስተኩሰው ፊደሉ ቡናማ እየሆነ ብቅ ብቅ አለ። እንዴት እንደሳቅሁ! ከዚያ ወዲህ አፍህ የፈራውን ሁሉ ሎሚ ይናገርልህ ጀመር። ስምህ ይታየው፣ ሥራህ መደበቅ።

ልንለያይ ወራት ሲቀሩን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ደከመኝ ብለህ ከእህቴ ሠርግ ቀረህ፤ ወደ ዱርቤቴ ከተማ ብቻዬን ሄድሁ። ስመለስ አኮረፍሁህ። በማግሥቱ ካውያው ሥር ባዶ ወረቀት አገኘሁ። እንደ ልማዱ ሊያባብለኝ ነው ብዬ፣ እልህ ይዞኝ፣ ሳልተኩሰው መሳቢያ ውስጥ አነጠፍሁት። ኅዳር ላይ ቀበርሁህ።

ባለፈው ሳምንት መሳቢያውን ሳጸዳ አገኘሁትና ተኮስሁት። ለካ ሐኪሙ ጉበትህ መታመሙን ያኔውኑ ነግሮህ ኖሯል። በአፌ መንገር አቃተኝ፣ ካነበብሽው ሻዬ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ያኔ እንነጋገራለን ትላለህ።

ለዚህ ነው ለካ! ከሥራ ስትመለስ ሻይህን ሳትቀምስ ብርጭቆውን አንሥተህ ታየው ነበር። እኔ ሙያዬን የናቅህ መስሎኝ፣ ዝንብ ፈልግበት እያልሁ አሽሟጥጥህ ነበር። ስንት ቀን አየህና ስንት ቀን አጣህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አልጋ ላይ ስትወድቅማ ሁላችንም አወቅን፤ ግን መሽቶ ነበር። አንብቤ ዝም ያልሁህ መስሎህ ሞተህ እንደሆነስ? የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

ይህን በእስክሪብቶ የጻፍሁት ካውያ እንዳያስፈልገው ነው። ቤዛንም የሚያምሽን በአፍሽ ተናገሪ እላታለሁ። አንተን አልረሳህም፤ ምሬቱን ግን ነጥዬ ላስታውስህ አልችልም። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ትመጣበት በነበረው ሰዓት፣ ብርጭቆህን አውጥቼ ሻይ ቀዳሁ። ሎሚ ገብቶበታል፣ ይታየው። አንብቤዋለሁ።