ዳክዬ የገደለ ውሃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ዛሬም ሞተው አገኘናቸው። ዳክዬዎች፣ ዝዮች፣ አንድ ሽመላ። ቁስል የለባቸውም፣ ክንፋቸው ደህና ነው። ጨፌው ዳር፣ ሣሩ ላይ እንደተኙ ቀርተዋል። አምና በዚህ ወር እዚሁ ቆሜ ስቆጥር እየተነሡ እየበረሩ ቁጥሬን ያጠፉብኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉትን ቆጥሬ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀብኝም።

ሥራችን ይኸው ነው፤ የውሃ ወፍ መቁጠርና የሚኖሩበትን ውሃ መመርመር። ከወንጪ ሐይቅ እስከ እጃጂ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እመረምራለሁም፤ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሌሚ ጠርሙስ ይሞላል፣ ናሙናውን ያዘጋጃል። ወንጪ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር። እዚህ እጃጂ ግን ከጨፌው አጠገብ አዲስ መንደር ተቀይሷል። ከየኮረብታው ተነሥተው የሚሰፍሩት ገበሬዎች የሚጠጡት ከዚሁ ነው። የሚገቡት ሐሙስ ነው።

ጠርሙሶቹን ይዘን አምቦ ገባን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ውጤቱ ያስደነግጣል። ጨውና ማዕድኑ ከልክ በላይ። ደገምኩት፣ ያው ነው። ተገኘ አልኩ፣ ወፎቹን የገደለው ይኼ ነው።

ለጓድ ንጉሤ ደወልኩ፤ የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። «ጓድ ዘነበች፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ሐሙስ ቀርቷል። በአንቺ ቃል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በአንቺ ቃል። ይህችን ነገር አልወደድኳትም። ቢሆንም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? ለአንድ ቀን እንኳ ወፍ ቆጣሪዋ ተሰማች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ጠዋት ኦቦ ጉርሜሳ ቢሮ ድረስ መጡ። ከሚነሡት ገበሬዎች መካከል ሽማግሌው ናቸው። ነጋ፣ ፈያ እያልን በኦሮምኛ ሰላም ተባብለን ተቀመጡ። ሐሙስ ትገባላችሁ ስለተባሉ የቤታቸውን ክዳን አንሥተው፣ ቋሚውን ነቅለው ወደ አዲሱ ቦታ አግዘዋል። ትናንት ዘነበ። የልጃቸው ሚስት አራስ ናት፤ ከነሕፃኑ ቁርበት ወጥረውላት አደረች።

«አዴ ዘነበች፣ ውሃው መጥፎ ከሆነ አንሂድ። ጥሩ ከሆነ እንሂድ። መሀሉ ላይ ግን ዝናብ ነው ያለው» አሉኝ።

ሲወጡ እንደ ሌባ መሬት መሬት ሳይ ነበር።

ከሰዓት ልቤ አላርፍ ስላለኝ ከጣሪያው አሸንዳ የዝናብ ውሃ ቀድቼ መረመርኩ። የዝናብ ውሃ ባዶ ነው፣ ምንም ሊያሳይ አይገባም። አሳየ። ልክ እንደ ጨፌው ጨዋማ ሆኖ ወጣ። ሰማይ ጨው አያዘንብም፤ ጥፋቱ እኛው ቤት ነው።

ሌሚን ናሙናውን የምናቀጥንበትን ውሃ ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። የተጣራው ውሃ አልቋል፣ ቧንቧው ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቷል።

«ከሆራው ነው የቀዳሁት» አለ። «ግን አፍልቼዋለሁ እኮ። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ።»

የአምቦን ሆራ! ሰው ለጨጓራው፣ ከብት ለጨው የሚጠጣውን ውሃ አፍልቶ ንጹሕ አደረገው። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ለእኛ ከሆራ በላይ ንጹሕ ውሃ የለም፤ ለታመመ የምንወስደው እሱን ነው። እኔንም ቢቸግረኝ ያንኑ አደርግ ነበር።

ሌሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ሸፈነ። ጴንጤዎች ናቸው፤ የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ወዲህ ታላቅ ወንድሙ እስር ላይ ነው። «ሻጥር» የምትለዋ ቃል እሱ ላይ ብትወድቅ አትነሣም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ሁለት ሐሳብ ሲጎትተኝ ዋለ።

ዝም ብል፦ ማንም ጨፌውን አይጠጣም። ወፎቹ እንደሆነ በእውነት ሞተዋል። ሌሚም ይተርፋል።

ዝም ብል ደግሞ፦ አራሷ ቁርበት ሥር ትቆያለች። አዲስ አበባ ደግመው ቢመረምሩት ሁለታችንም አለቀልን። ደግሞ ውሸት ነው። በመጨረሻ የገዛችኝ ይቺ ናት፣ ምንም ብትሆን ውሸት ናት።

ከሆስፒታሉ የተጣራ ውሃ ለምኜ እንደገና ሠራሁት። የጨፌው ውሃ ጤነኛ ሆኖ ወጣ። ሳየው ማልቀስ አማረኝ።

ጓድ ንጉሤ ዘንድ በእግሬ ሄጄ ነገርኩት። «ማነው ያበላሸው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ሻጥር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ስለ ወፎቹ አነሣሁ። እኛ መርምረን የማናገኘው ነገር ውሃው ውስጥ ሊኖር ይችላል አልኩት።

«እኔ የማሰፍረው ሰው ነው፣ ዳክዬ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ይገባሉ።»

እጄን በእጄ ቆረጥኩ።

አርብ፣ ሚያዝያ 17

ከሌሚ ጋር በጭነት መኪና እጃጂ ወረድን። በመንደሩ መሀል አልፎ ጨፌው የሚገባውን አዲስ ቦይ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ቦዩ ለጎርፍ ተብሎ በዘመቻ የተቆፈረ ነው። ላይኛው ጫፉ ላይ ከብቱ ለመዥገር መድኃኒት የሚነከርበት ገንዳ አለ። ቦዩ ሲቆፈር የገንዳውን ጠርዝ ሸንቁሯል። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል፣ በሳሙናም አልለቀቀ።

አሁን አወቅኩ። ግን በምን አስረዳለሁ? ላቦራቶሪያችን ይህን መድኃኒት የሚለይበት መሣሪያ የለውም።

ዓሣ ግን አለ። ከእነ ኦቦ ጉርሜሳ የፈረሰ ቤት ሥር ካለው ወንዝ ሌሚ በነጠላዬ ትናንሽ ዓሦች አጠመደ። ሁለት ባልዲ። አንዱ ውስጥ የዚያው ወንዝ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ የጨፌው። እኩል ዓሣ ከተትን።

የምናድረው ሌሚ አክስት ቤት ነው። ባልዲዎቹን ስታይ ሳቀች። «ኦርቶዶክሷ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይዛ መጣች፣ ጴንጤዎቹ ጎመን እንብላ!» ሌሚ ከረቡዕ ወዲህ ዛሬ ገና ሳቀ።

ሳይነጋ ባልዲዎቹን አልከፍትም ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

የጨፌው ዓሦች በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ የወንዙ ግን ይዋኛሉ። ደስ አለኝ። በሞተ ነገር ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሁለቱን ባልዲ ይዘን መንደሩ ስንደርስ ሰዉ ገብቷል። አህያ፣ ቁርበት፣ ዶሮ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። አንዲት ሴት እንስራዋን ይዛ ወደ ጨፌው ስትወርድ ሌሚ ሮጦ በኦሮምኛ እየተማጸነ መለሳት። ጓድ ንጉሤን ከካድሬዎቹ መሀል ጠርቼ ባልዲዎቹን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቦዩን አሳየሁት። ገንዳውን አሳየሁት። ያንን ቦይ ያስቆፈረው እሱ ራሱ ነው፤ ያንንም ያውቃል፣ እንደማውቅም ያውቃል።

አሁን ያስረኛል ብዬ ቆምኩ።

ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። «ቦዩ ይደፈን» አለ ለካድሬው። «መንደሩ ከገንዳው በላይ ይቀየስ። እዚያ ላይ ካለው ምንጭ ዘንድ።» «ሻጥር» የምትለዋን ቃል አላነሣትም። ስለ ሌሚም ማንም አልጠየቀ። ሰዉ ያወረደውን ቋሚ መልሶ ተሸከመና ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ጉርሜሳ መጥተው ከባልዲዎቹ አጠገብ ቆሙ። ዓሦቹ ወዲያ ወዲህ የሚሉበትን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይሄኛው ውሃ የየት ነው?»

«የእናንተው ወንዝ ነው። ከቤታችሁ ሥር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛን ሲያነሡን የሱን ውሃ ማንም አልመረመረውም» አሉ።

ሌላ የማደርገው ባጣ ባልዲውን አነሣሁና ዓሦቹን ወንዛቸው እንዲመልሷቸው አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አልዘረጉም።

«አንቺው መልሻቸው። እኔ ወደዚያ እንዳልመለስ ተነግሮኛል።»

ባልዲውን ከሌሚ ጋር ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን።