ከቤቱ የተለየው ጣራ

ግንቦት 21
ጉቶ ጊዳ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽ ያብጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተሻለሽ ወይ? ኢፋስ ደህና ነው? ከዲጋ ሰው በመጣ ቁጥር ስላንቺ ልጠይቅ እፈልግና አፌ ይያዛል፤ ዳር ቆሜ የሚወራውን ሰምቼ እመለሳለሁ። እማማም አባባም ደህና ናቸው። ዝናቡ ጀምሯል፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል።

በበቀለች እጅ የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። የመጀመሪያ ልጄን እናቴ እጅ ላይ ልውለድ፣ አባባን ጠይቂልኝ ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ አልጠየቅኩትም። አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ምሳውን ሳቀርብለት ዛሬ እላለሁ እልና ጨው አነሰው ወይ ብዬ እመለሳለሁ። መሐላውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ሳይላክ ከኢፋ ጋር የሄድሽ ዕለት ምሰሶውን ይዞ፣ «ሚካኤልን! ከዚህ ጣራ ሥር ዳግመኛ እግሯ አይገባም» አለ። ሚካኤልን ጠርቶ የማለን ሰው እኔ በምን አፌ ልመልሰው?

ለእማማ ግን አነበብኩላት። ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ግራ አጋብቶኛል፤ በተራ ልጻፍልሽና አንቺ ፍቺው።

በሦስተኛው ቀን አባባ ከገበያ ሦስት ፍየሎች ከነግልገሎቻቸው እየነዳ መጣ። ፍየል ያረባ ሰው አጥር አይኖረውም ሲል የኖረ ሰው! ያን ከቤታችን ጎን የተለጠፈውን፣ አያታችን ከወሎ እንደመጡ የሠሩትን የበቆሎ መጋዘን የፍየል ቤት አደርገዋለሁ አለ። ያረጀውን ጆንያና የአይጡን ጎጆ ጠርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አስነጠሰኝ።

የእንስሳት ባለሙያዋ ኡርጂ መጥታ አሳየችን። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ይሁን፣ ሽንቱ ወደ ታች ይውረድ፣ ክፍተቱ ግን ከአውራ ጣት አይብለጥ፣ የግልገል እግር ይሰበራል አለች። ግድግዳው ከወገብ በላይ ክፍት ይሁን፣ ፍየልን የሚገድላት ብርድ ሳይሆን እርጥበት ነው አለች። አባባ እንዳለችው አደረገ፤ ግን በግማሹ ብቻ። መሐሉን ከፈለና ሌላውን ግማሽ እስከ ጣራው በጭቃ መረገው፤ መስኮትም አወጣለት።

ኡርጂ ተመልሳ ስትመጣ ይሄኛውስ ለማን ነው ብትለው ለወላድ ነው አላት። ፍየሎቹን አየቻቸውና፣ «አባባ፣ ሦስቱም እኮ ወልደዋል፤ ደግሞ የትኛዋ ናት?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ ሚስማር አቀብይኝ አለ። ሚስማሩ እጁ ላይ ነበር።

ወለሉን በእበት ለቀለቅኩት። ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። በእጁ ዳስሶ እዚህ ጋ ያደናቅፋል፣ አስተካክዪው አለኝ። ፍየል ድንጋይ ላይ የምትዘል እንስሳ አይደለች?

ከሁሉ የባሰው የጣራው ነገር ነው። ቤቱና መጋዘኑ አንድ ጣራ እንደነበራቸው ታስታውሻለሽ። ረቡዕ ዕለት መጋዝና የቆርቆሮ መቀስ ተውሶ ወጣ። ወራጁን አንድ በአንድ ቆረጠው፣ ቆርቆሮውን ለየው። አሁን በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ሰማይ ይታያል። ዝናቡም በዚያው ይወርዳል፤ ጓዳችን ራሰ።

ጎረቤታችን ኦቦ ሞረዳ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ኦቦ አስማረ፣ ሰው የሚያፈስ ቤት ይደፍናል፤ አንተ ደህናውን ትበሳለህ እንዴ?» አለው። አባባ ከላይ ሆኖ እኔና ፍየሌ አንድ ጣራ አንጋራም አለ። «በቆሎው አርባ ዓመት ሲጋራህ ምነው ዝም አልክ?» አለው ኦቦ ሞረዳ። መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በሀፍረት ልሞት ነበር። እማማ ግን ከታች መሰላሉን ይዛለት አቀርቅራ ነበር። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል፤ የመጋዝ ብናኝ ነበር።

ትናንት የጠፍር አልጋውን አዲስ ጠፍር ጠፍሮ እዚያ አስገባው። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። አባባ፣ ፍየል አልጋ ላይ ትተኛለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደፍሬ የጠየቅኩት ይህን ብቻ ነው። የአልጋውን እግር አስተካከለና፣ «ለላከችልሽ ወረቀት መልስ አልጻፍሽም?» አለኝ። ለካ ወረቀቱን ያውቃል። «ስትጽፊ ጣራው መለየቱን ጻፊላት። ከእኔ ነው አትበዪ።»

ይኸው ጻፍኩልሽ። ከእሱ መሆኑንም ነገርኩሽ፤ መዋሸት አልችልበትም።

እታለም፣ ይህ እሺታ ነው ወይስ ምንድን ነው? መሐላ እንዲህ በመጋዝ ይቆረጣል? ቅዱስ ሚካኤል ቢቆጣስ? ደግሞ እኔ ተሳስቼ፣ ያንን ሆድ ይዘሽ መጥተሽ ከደጅ ብትመለሺ ምን ይውጠኛል? ነይ ለማለት አልደፍርም። አትምጪ ለማለትም እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ አባባን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

በበኩሌ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። አባባ አየው፣ አላወረደውም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባለባጃጁን ባቻን አስቁሞ የዲጋ መንገድ ጉድጓዱ ብዙ ነው ወይ ሲለው ሰማሁ። ባቻ ፍየል ከሆነ አስረን እንጭናለን፣ አታስብ አለው። አባባ ተቆጣ። ቀስ ብለህ መንዳት ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ አለው።

እመቤቴ ማርያም በሰላም ታገላግልሽ፤ ጉልበትሽን ታጽናልሽ። ኢፋንም ሰላም በይልኝ።

አፏ የተያዘው
ታናሽ እህትሽ