ዋጋው ዜሮ ስለተባለው ሸክም እንጨት

ከሽንፋ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

አየሩን የሚበክለውን ጭስ በትንሽ ወጪ የሚቀንስ ስሌት ለሠሩልን፣ ለተከበሩት የጥናት ቡድን መሪ፦

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ ይብዛ፤ ልጆችዎንም ክፉ አይንካብዎ። እኛ ከአንዷ በቀር ደህና ነን።

አምና መንደራችን መጥተው ወንዶቹን በቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሰብስበው ሲጠይቁ፣ ከኋላ ተቀምጠን ውሃ ስናቀርብልዎ ከነበርነው ሴቶች አንዷ ነኝ። ውጤቱ ገንዳ ውሃ ከተማ በስብሰባ ሲነበብ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

1ኛ. ማገዶ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል ያስወጣል ብለው ሲጠይቁ፣ ሊቀመንበራችን አቶ ፈረደ «እንጨት ደግሞ ምን ያስወጣል ጌታዬ፣ ሴቶቹ ያመጡት የለ!» ማለታቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ስለመዘገቡልን እናመሰግናለን። አቶ ፈረደ አልዋሹም፤ ከኪሳቸው አንድም ሳንቲም አልወጣም። እርስዎም የእኛን ጀርባ ሳይሆን የእሳቸውን ኪስ አይተው ዜሮ ጻፉ።

2ኛ. ድካማችን ዜሮ በመሆኑም፣ ከአማራጮች ሁሉ ርካሹ ከመንደራችን አጠገብ ያለውን ደን ለእንጨት ለቃሚ መዝጋት ሆኖ ተገኘ። ባለሀብቱ በዶዘር እየነቀለ ለሰሊጥ እርሻ የሚያቃጥለውን መከልከል ግን ለኢኮኖሚው ውድ ነው ተባለ። ርካሽ መሆናችንን ድሮም እንጠረጥር ነበር፤ በሳይንስ ስላረጋገጡልን ክብረት ይስጥልን።

3ኛ. ከክልከላው ጋር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይታደላል ተብሎ ነበር። ክልከላው ከነጠባቂው በሰኔ ደረሰ። ምድጃው ግን መንገዱ ጭቃ ስለሆነ እዚያው ገንዳ ውሃ ከረመ። ለምድጃው መታሰቡ ደግ ነው፤ ለልጄ ግን ያሰበላት አልነበረም።

4ኛ. ልጄ አትክልት ትባላለች። ደኑ ሳይዘጋ፣ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ድምጿን እየሰማሁ ለቅማ ትመለስ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ከጅረቱ ማዶ መሄድ ግድ ሆነባት። የእኛ ጅረት በጋ አሸዋ ነው፤ ክረምት ግን ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ድንገት ይሞላል። በነሐሴ ሸክሟን አዝላ ስትሻገር ሙላቱ ደረሰባት። ድረሺልኝ ብላ ተጣርታም እንደሆነ አልሰማኋትም፤ ሩቅ ነበረች።

5ኛውን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የእንጨት መሸከሚያውን ገመድ አሁን ታናሽ እህቷ ወንጌል አንሥታዋለች፤ እሷም የምትሻገረው በዚያው ነው። መጪው ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ይመለሱና፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሴቶች ይጠይቁልኝ። ውሃውን ዛሬም እናቀርባለን።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስሌትዎም እንዲሰምር የምትመኝ፣ በሠንጠረዥዎ ውስጥ ቦታ ያላጣበበች አክባሪዎ፣

ሰርካለም ባየልኝ
የአትክልት እናት

ማስታወሻ፦ ውኃው ልጄን ሲወስድ ሸክሟን እንደታሰረ ዳር ላይ ትቶልን ነበር። ጎረቤቶቼ አድርቀው ለለቅሶው ንፍሮ ቀቀሉበት። ጭሱ በዓመቱ ሪፖርት ሳይቆጠር ቀርቶ እንደሆነ ይጨመርልን። እንጨቱ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ምንም አላስወጣንም።